ሕክምናው አልቆ ድካሙ ሲቀር
ከካንሰር የዳኑ ሰዎች ድካምና የመርፌ ሕክምና (አኩፓንክቸር)

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የጤና ክፍለ ጊዜ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ከሰሞኑ ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ በአዘጋጆቹ ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰነበተ። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟን እንዳንጠራ ስለጠየቀችን አንጠራም። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኦፕራሲዮን ሆናለች፤ ቀጥላ ኬሞቴራፒ የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥሯ ወስዳለች፤ በመጨረሻም አዲስ አበባ ድረስ እየተመላለሰች የጨረር ሕክምና ተከታትላለች። ይህን ሁሉ ከጨረሰች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ሐኪሟም በምርመራ የሚታይ በሽታ እንደሌለባት ነግሯታል። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ሰደቃ ተበልቷል፣ ዱዓ ተደርጓል። ፀጉሯም ተመልሶ በቅሏል።

«ሰው ሁሉ ዳነች ይላል» ትላለች እህታችን፤ «እኔም አልሐምዱ ሊላህ እላለሁ። ነገር ግን ልብስ አጥቤ ስጨርስ ለማስጣት አቅም አጣለሁ። ሊጥ ሳቦካ ክንዴ ይዝላል። ዙህርን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ የምጨርስበት ቀን ይበዛል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ጠዋት ስነሳ ጭራሽ እንዳልተኛሁ ነኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ አይዞሽ ይለኝ ነበር፤ አሁን ግን ዝም ይላል። አማቴ ደግሞ መተኛት ተመቻት ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ሕመሙን ችዬው ነበር፤ ሰነፍ መባሉን ግን አልቻልኩም።»

ደብዳቤው በዚህ አያበቃም። አንድ ሰው የቻይናዎችን የመርፌ ሕክምና እንደሚሰጥ፣ ድካሙን ከነሥሩ እንደሚነቅልላትና በየቀኑ የምትውጠውን ክኒን እንድታቆም ነግሯታል። የተጠየቀችው ገንዘብ ስለሌላት የሠርግ አምባሯን ለመሸጥ እያሰበች ነው። «ልሽጠው ወይስ ይቅር? ደግሞስ በዲናችን ይፈቀዳል?» በማለት ትጠይቃለች።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ደብዳቤ ስናነብ እኛም አፈርን። ከመካከላችን የአንዳችን እናት ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመሳሳይ ሕክምና ጨርሰው ቤት ሲገቡ «እማዬ፣ በሽታው ለቋል፤ አሁን የሚያስተኛዎት ሐሳብ ነው፤ ተነሱ በርቱ» እያልን ስንገፋፋቸው ነበር። ለመልካም ብለን ነው፤ ነገር ግን ሳናውቅ ነው። እርሳቸውም ልጆቻቸውን ላለማስከፋት ሲሉ እንግዳ ሲመጣ ይነሳሉ፤ እንግዳው ሲሄድ ግድግዳ ይዘው ወደ መኝታቸው ይመለሳሉ። ድካማቸው የራሱ ስም ያለው፣ በሕክምና መጻሕፍት የሰፈረ ችግር መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው። የዛሬው ንግግራችን ለእህታችን የምንሰጠው መልስ ቢሆንም በእናታችን ላይ የሠራነውን ስህተት ሌሎች ቤተሰቦች እንዳይደግሙት ጭምር ነው።

ይህ ድካም ምን ዓይነት ድካም ነው?

እንደሚታወቀው ሰው ሲሠራ ይደክመዋል፤ ሲያርፍ ይበረታል። የካንሰር ታማሚዎች ድካም ግን ከዚህ ይለያል። ከተሠራው ሥራ ጋር አይመጣጠንም፤ በእንቅልፍም ሆነ በዕረፍት አይለቅም። ሰውነትን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ያዝላል፤ ሰውዬው የጀመረውን ወሬ መጨረስ፣ ያነበበውን ማስታወስ ሊያቅተው ይችላል። በሕክምና ላይ ካሉ ታማሚዎች አብዛኞቹ ይህ ድካም ያገኛቸዋል። ሕክምናቸውን ከጨረሱት መካከልም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆይባቸው ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በጡት ካንሰር ታመው በዳኑ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከሦስቱ የአንዷን ያህል ድካሙ አብሯት እንደሚቆይ አመልክተዋል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ካንሰሩና ሕክምናው በሰውነት ውስጥ የሚቀሰቅሱት የመቆጣት ሁኔታ ቶሎ ላይበርድ ይችላል። ጡንቻ በመተኛት ብዛት ይሟሽሻል። የእንቅልፍ ሥርዓት ይዛባል። የሆርሞን ለውጥ፣ ሕመምና ጭንቀትም ይጨመርበታል። እንግዲህ እህታችን ሆይ፣ ያለብሽ ስንፍና አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠንተው የተመዘገበ፣ ሐኪም ሊጠይቅሽ የሚገባ ችግር ነው።

የሚለካበትም መንገድ አለ። ሐኪሞች «ባለፈው ሳምንት ድካምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። 0 ማለት ምንም ድካም የለም፤ 10 ማለት ሊታሰብ የሚችለው የከፋ ድካም ማለት ነው። ከ1 እስከ 3 ቀላል፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 እስከ 10 ከባድ ተብሎ ይወሰዳል። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መንስኤው በደንብ መፈተሽ ይኖርበታል። ሐኪሙ ባይጠይቅ ታማሚው ራሱ ቁጥሩን ይናገር። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ነው።

ከመርፌው በፊት ምን መደረግ አለበት?

ወደ መርፌው ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ድካሙን የሚያመጡ፣ በቀላሉም ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የደም ማነስ አንዱ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ ሌላው ነው። የጨው መዛባት፣ የምግብ እጥረት፣ ያልታከመ ሕመም፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች የሚያመጡት ማስተኛት፣ አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በልብ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ሁሉም ሰውን ያዝላሉ። እነዚህ በደም ምርመራና በጥያቄ የሚታወቁ ናቸው። የደም ማነስ ያለበት ሰው መቶ መርፌ ቢወጋ ደሙ አይሞላለትም።

ከዚህም ሌላ ድካሙ በድንገት ከባሰ፣ ወይም ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ያለምክንያት መክሳት ወይም አዲስ የአጥንት ሕመም አብሮት ከመጣ የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም፤ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በሽታው ተመልሶ እንደሆነም መታየት አለበት። ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ድካሙ የበሽታው መመለስ ምልክት አይደለምና። ነገር ግን ሁሉንም ነገር ለመርፌ ሰጥቶ ምርመራን መተው ሰውን ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

የመርፌ ሕክምናው ከየት መጣ?

አኩፓንክቸር ማለት እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎችን በተወሰኑ የሰውነት ቦታዎች ላይ በመትከል የሚሰጥ የቻይናዎች ጥንታዊ ሕክምና ነው። ስለ አሠራሩ የሚናገሩት የቻይና መጻሕፍት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። በመርፌው ውስጥ መድኃኒት የለም። ተተክሎ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ከዚያም ይነቀላል። እንደ ክትባት መርፌ የሚያምም አይደለም፤ የተወጋው ቦታ ላይ የመክበድ ወይም የመደንዘዝ ስሜት ይኖራል።

ሙስሊሞች ስለ ቻይና ሕክምና ማወቅ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በኢራን የሞንጎሎች ዘመን ሚኒስትር የነበረውና እ.ኤ.አ በ1318 የሞተው ሐኪምና የታሪክ ጸሐፊ ረሺዱዲን ፈድሉላህ የቻይናዎችን የሕክምና መጽሐፍ ወደ ፋርስኛ አስተርጉሟል። የዚያ ዘመን ሰዎች እውቀት ከየትም ቢመጣ መርምረው የሚጠቅመውን ይወስዱ ነበር።

ምዕራባውያን በሰፊው የሰሙት ደግሞ እ.ኤ.አ በ1971 ነው። ጄምስ ሬስተን የተባለ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታሞ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ኦፕራሲዮኑ የተሠራው በተለመደው ማደንዘዣ ነበር። በኋላ ሆዱን ሲጨንቀው ግን የሆስፒታሉ ሐኪሞች በክርኑና ከጉልበቶቹ በታች መርፌ ተከሉለት። ጋዜጠኛው ሕመሙ እንደቀለለው ጽፎ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ጥናት ተደረገ። ዛሬ በታላላቅ የካንሰር ሆስፒታሎች ውስጥ ሳይቀር ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን ይሰጣል። ጎን ለጎን የሚለውን ቃል ልብ በሉልን! ካንሰርን በመርፌ አድናለሁ የሚል አንድም የታወቀ ሆስፒታል የለም።

እንዴት ይሠራል ለሚለው ጥያቄ ቻይናዎቹ «ቺ» የሚሉት ኃይል በሰውነት ውስጥ በመስመሮች እንደሚፈስና መርፌው መንገዱን እንደሚከፍት ይናገራሉ። የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ መርፌው ነርቮችን በመቀስቀስ አእምሮ ሕመም ማስታገሻ ንጥረ ነገሮችን እንዲያመነጭ ያደርጋል ይላሉ። ለእህታችን ግን ዋናው ጥያቄ «ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» የሚለው ነው።

ጥናቶቹ ምን አሉ?

ስለ ድካም የተደረጉትን ዋና ዋና ጥናቶች በቅደም ተከተል እንመልከት።

እ.ኤ.አ በ2004 በኒውዮርክ በሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ኬሞቴራፒ ከጨረሱ በኋላ ድካም ያልለቀቃቸው 37 ሰዎች የመርፌ ሕክምና ተሰጣቸው። ድካማቸው በአማካይ 31 በመቶ ያህል ቀነሰ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ይሁን እንጂ መርፌ ሳይወጉ የሚነጻጸሩ ሰዎች አልነበሩም። ስለዚህ የቀነሰው በመርፌው ይሁን በጊዜ ብዛት መለየት አልተቻለም።

እ.ኤ.አ በ2012 በእንግሊዝ አገር የተደረገው ጥናት ትልቅ ነበር። የጡት ካንሰር የታመሙና ድካም ያላቸው 302 ሴቶች ተሳተፉበት። 227ቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሃያ ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት መርፌ ተተከለላቸው። 75ቱ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኙ። መርፌው የተተከለው ከጉልበት በታች፣ ከቁርጭምጭሚት በላይና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ የተወጉት ሴቶች ድካም ካልተወጉት ይልቅ ቀነሰ፤ ልዩነቱ ከ4 እስከ 20 በሚቆጠር መለኪያ 3 ነጥብ ያህል ነበር። ለአንዲት እናት ይህ ልዩነት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ መመለስ መቻልና አለመቻል ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። እ.ኤ.አ በ2013 የኒውዮርኩ ማዕከል ሌላ ጥናት አወጣ። በዚህኛው 101 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ እውነተኛውን መርፌ፣ ግማሾቹ ደግሞ እውነተኛ የሚመስል ማስመሰያ ተደረገላቸው። ታማሚዎቹ የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም። ውጤቱ ምን ሆነ? የሁለቱም ወገን ድካም በትንሹ ቀነሰ፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

አድማጮቻችን፣ ሐቁን መናገር አማና ነውና አንዱን ጥናት ነግረናችሁ ሌላውን አንደብቅም። አንዳንዶች «ስለዚህ ጥቅሙ በተስፋው፣ በዕረፍቱና በሚደረገው እንክብካቤ ነው» ይላሉ። ሌሎች «ማስመሰያው ራሱ ቆዳን ስለሚነካ ባዶ አይደለም» በማለት ይከራከራሉ። እኛ ከዚህ የምንወስደው ይህን ነው። የመርፌው ሕክምና አንዳንድ ሰዎችን ያቀላል፤ ነገር ግን ከነሥሩ ይነቅላል የሚባል ነገር ውሸት ነው። ይህን ቃል ገብቶ ወርቅ የሚያሸጥ ሰው ሐኪም ሳይሆን ነጋዴ ነው።

በጣት መጫንስ?

አሁን ኪስን ወደማይነካው ነገር እንምጣ። በመርፌ ፈንታ ያንኑ ቦታ በጣት መጫን አኩፕሬዠር ይባላል። በአገራችን የሠለጠነ የመርፌ ባለሙያ እንደልብ ስለማይገኝ ይህ ለብዙዎቻችን የቀረበ ነው።

እ.ኤ.አ በ2016 በአሜሪካ በሚሺጋን የወጣው ጥናት ትኩረት የሚስብ ነው። ሕክምናቸውን ከጨረሱ ቢያንስ አንድ ዓመት የሆናቸው፣ ድካም ግን ያልለቀቃቸው 288 ከጡት ካንሰር የዳኑ ሴቶች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የሚያዝናኑ የተባሉ ቦታዎችን፣ ሁለተኛው የሚያነቃቁ የተባሉ ቦታዎችን፣ በየቀኑ እያንዳንዱን ቦታ ለሦስት ደቂቃ ያህል ራሳቸው በጣታቸው እንዲጫኑ ተማሩ። ሦስተኛው ወገን እንደወትሮው ቀጠለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ድካማቸው ወደ ጤነኛ ሰው ደረጃ የወረደላቸው ከሚያዝናናው ወገን ከመቶ 66፣ ከሚያነቃቃው ከመቶ 71፣ እንደወትሮው ከቀጠሉት ደግሞ ከመቶ 31 ያህሉ ነበሩ። መጫኑን አቁመው አራት ሳምንት ከቆዩ በኋላም ብዙዎቹ ጥቅሙ አልጠፋባቸውም። እንቅልፋቸው የተሻሻለው በስድስተኛው ሳምንት የሚያዝናናውን የተማሩት ሲሆኑ፣ የኑሮ ሁኔታቸው በአጠቃላይ ተሻለልን ያሉትም እነርሱ ናቸው። እርግጥ ነው እዚህም ማስመሰያ የተሰጠው ወገን ስላልነበረ ከተስፋ የመጣውን መለየት አይቻልም። ነገር ግን ዋጋው የራስ ጣትና በቀን ግማሽ ሰዓት ነው፤ አምባር አያሸጥም።

ሊሞክሩት ለሚፈልጉ ጥቂት ቦታዎችን እንጠቁማለን።

አንደኛ፦ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ያለው ቦታ።

ሁለተኛ፦ በእጅ አንጓ መታጠፊያ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ።

ሦስተኛ፦ በእግር ላይኛው ገጽ፣ በአውራ ጣትና በሚቀጥለው ጣት መካከል ያለው ቦታ።

አራተኛ፦ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከቅልጥም አጥንት ኋላ ያለው ቦታ።

ጣትን ቀስ አድርጎ በማሽከርከር ሳያሳምሙ መጫን ነው። አራተኛውን ቦታ ነፍሰ ጡሮች እንዳይጫኑት ባለሙያዎቹ ይመክራሉ። ቁስል ባለበት፣ ጨረር ባቃጠለው ቆዳ፣ ባበጠ ክንድ ወይም እግር፣ ዕጢ ባለበት ቦታ ላይ አይጫንም።

ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ያለው

ስለ መርፌ ብዙ ተናግረን ይህን ካልጨመርን ግን በደልን። እ.ኤ.አ በ2017 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ 113 ጥናቶችን፣ ከ11 ሺህ በላይ ታማሚዎችን በአንድ ላይ ተመልክቷል። ለካንሰር ድካም የበለጠ የሚጠቅመው የሰውነት እንቅስቃሴና የምክር ሕክምና ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቶች ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ሰጡ። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው መመሪያም ሕክምናቸውን ለጨረሱ ሰዎች ቀዳሚ አድርጎ ያስቀመጠው እንቅስቃሴንና የምክር ሕክምናን ነው። በጣት መጫንን ደግሞ ሊሞከሩ ይችላሉ ካላቸው መካከል አስገብቶታል።

ለደከመው ሰው ተራመድ ማለት ቀልድ ይመስላል። እኛም ለእናታችን «ተነሱ በርቱ» ያልነው ስህተት ነበር ብለናል። ልዩነቱ ምንድን ነው? እኛ ያልናቸው እንደ ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዲሠሩ ነበር። የሚመከረው ግን በልክ መጀመር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ በሩ፣ በሁለተኛው እስከ ጎረቤት፣ ከዚያም እስከ መስጂድ። ቀስ በቀስ በሳምንት ሦስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ላይ ለመድረስ ይታሰባል፤ ጥቅሙም የሚታየው ለሦስት ወር ያህል ሲዘወተር ነው። እናታችንም በመጨረሻ ያገገሙት በዚህ መንገድ ነው። ከሱብሒ በኋላ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መንደሩን አንድ ዙር ይዞሩ ነበር። አንዱ ዙር ሁለት ለመሆን ሁለት ወር ፈጀ።

ከዚህም ጋር ሥራን መከፋፈል ያስፈልጋል። ሰው በቀን ውስጥ ጉልበት የሚሰማውን ሰዓት ይለይና ከባዱን ሥራ ለዚያ ያድርገው። ልብስ የሚታጠብበትና እንጀራ የሚጋገርበት ቀን አንድ አይሁን። ሽንኩርት ተቀምጦም ይከተፋል። የቀን እንቅልፍ ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ ለሌሊቱ ይበጃል።

መርፌውን ለሚመርጡ ጥንቃቄዎች

አቅሙ ኖሮት የሠለጠነ ባለሙያም አግኝቶ መርፌውን መሞከር የሚፈልግ ሰው ቢኖር አንከለክለውም። ነገር ግን የሚከተሉትን ይጠብቅ።

1ኛ/ አስቀድሞ የካንሰር ሐኪሙን ይጠይቅ። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ያነሱበት ሰው ለኢንፌክሽን፣ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ያነሱበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ለመድማት ይጋለጣል።

2ኛ/ መርፌው አዲስ፣ የታሸገ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት። እሽጉ በታማሚው ፊት ይከፈት። ንጹሕ ያልሆነ መርፌ የጉበት በሽታና ኤች.አይ.ቪ ያስተላልፋል።

3ኛ/ በብብቷ ያሉት ዕጢዎች የወጡላት ሴት በዚያ በኩል ባለው ክንዷ ላይ ባትወጋ ይመረጣል፤ በተለይ ክንዱ የሚያብጥ ከሆነ።

4ኛ/ ደረት ላይ በጥልቀት የተተከለ መርፌ ሳንባን ሊበሳ ይችላል። ይህ በጣም ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ቢሆንም ልምድ የሌለው ሰው ዘንድ ላለመሄድ በቂ ምክንያት ነው።

5ኛ/ መድኃኒትህን አቁም የሚል ሰው ሲያጋጥም ተነስቶ መሄድ ነው። ብዙ የጡት ካንሰር ታማሚዎች እንደ ታሞክሲፌን ያለ ክኒን ለአምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ለአሥር ዓመት ይወስዳሉ። ይህ ክኒን በሽታው እንዳይመለስ የሚጠብቅ ነው። ክኒኑ ካደከመ ለሐኪሙ ይነገራል እንጂ በራስ ፈቃድ አይጣልም።

በዲናችን እንዴት ይታያል?

እህታችን የጠየቀችው የመጨረሻው ጥያቄ ይህ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች እንዲታከሙ ማዘዛቸውና አላህ ለበሽታ ሁሉ ፈውስ ማውረዱን መናገራቸው የታወቀ ነው። ሒጃማንም ማለትም በአገራችን ዋግምት የምንለውን ራሳቸው ታክመውበታል። መርፌውና ዋግምት አንድ አይደሉም፤ አንዱን በሌላው ስም መሸጥም ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ሕክምና በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ሐራም ነገር ካልተቀላቀለበት፣ ከአላህ ሌላ የሚለመንበት ሥርዓት ካልኖረበትና ጉዳቱ ከጥቅሙ ካልበለጠ መርፌው ከቻይና መምጣቱ አይከለክለውም። የሚፈውሰው አላህ ነው፤ መርፌውም፣ ክኒኑም፣ እርምጃውም ሰበብ ናቸው።

ለሴት እህቶቻችን ሴት ባለሙያ ከተገኘች ይቀድማል። መርፌው ከወጣ በኋላ ጠብታ ደም ቢታይ በሻፊዒይ መዝሀብ ውዱእ አይፈርስም፤ በሐነፊይ ግን ከወጣበት ከፈሰሰ ይፈርሳል። ፆምን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ምግብ የማይሰጥ መርፌ ፆም እንደማያፈርስ ወስኗል። ዝርዝሩን በቅርብ ያሉ ዑለማዎችን መጠየቅ መልካም ነው።

ዙህርን ተቀምጦ መጨረስስ? እህታችን ይህን የጻፈችው በሐፍረት ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ያልቻለ ተጋድሞ እንዲሰግድ የፈቀዱት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። በረመዷንም ለታመመ ሰው ማፍጠርና በሌላ ቀን መክፈል በቁርኣን የተሰጠ ፈቃድ ነው። አላህ ያቀለለውን እኛ ማክበድ የለብንም።

ለባልና ለአማት

አሁን ወደ ቤተሰብ እንዙር። የእህታችን ባለቤት ይህን እየሰማህ ከሆነ፣ ዝም ማለትህ ክፋት እንዳልሆነ እንገምታለን። ወራት ሙሉ ሆስፒታል ስትመላለስ፣ ገንዘብ ስትበደር፣ ልጆች ስትጠብቅ ከርመሃል። አንተም ደክሞሃል። ነገር ግን የባለቤትህ ድካም ከአንተ ተደብቆ የሚጠፋ ሳይሆን ከአንተ ጋር ሆኖ የሚቀል ነው። ማታ ማታ «ዛሬ ከአሥር ስንት ነው?» ብለህ ጠይቃት። «ሰባት» ካለችህ ልብሱን አንተ አስጣው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ ነበር።

እናታችን አማቷ ሆይ፣ እርስዎ ልጅ ወልደው በአራስ ቤት ሳሉ የሚጠብቅዎት ሰው ነበረ። ካንሰርን አልፎ የመጣም ሰው እንደ አራስ ነው፤ አራስነቱ ግን አርባ ቀን አይበቃውም። የታመመን መጠየቅ ምንዳው ብዙ ነው። ሰው ሕክምናውን ሲጨርስ መጠየቁን እናቆማለን። አንዳንዴ ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ለእህታችን የምንሰጠው መልስ

እንግዲህ እህታችን፣ መልሳችንን እንሰብስብ። አምባርሽን አትሽጪ። ክኒንሽን አታቁሚ። በመጀመሪያ ወደ ሐኪምሽ ሂጂና የድካምሽን ቁጥር ንገሪው፤ ደምሽን፣ ታይሮይድሽን፣ እንቅልፍሽን ይመልከት። በቀን አንድ ጊዜ በጣትሽ መጫኑን ለስድስት ሳምንት ሞክሪው። ከነገ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ተራመጂ፤ በሩቅ አትጀምሪ። ለውጡን በደብተር ጻፊው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሠለጠነ ባለሙያ አግኝተሽ አቅምሽም ከፈቀደ፣ ሐኪምሽም ካልከለከለሽ መርፌውን መሞከር ትችያለሽ፤ ከስድስት ጊዜ በኋላ ምንም ካልቀለለሽ ግን ገንዘብሽን አታፍስሺ። ደግሞም ያለብሽ ስንፍና እንዳልሆነ ይህን ገጽ ለባለቤትሽና ለአማትሽ አንብቢላቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ደብዳቤ እንጠብቃለን። ቁጥሩ ከሰባት ወደ አምስት ቢወርድ እንኳ ጻፊልን፤ በዚያ እንደሰታለን።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ፤ የሚያስታምሙትንም ጉልበት ይስጣቸው። አሚን!

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።